ከዙሁር በኋላ የሚጫን ትራክተር

እንድሪስ የአባቱን ትራክተር የሸጠው ጥርሱን እየፋቀ ነው። ገና በማለዳ፣ ፀሐይዋ የቆቦን ቆርቆሮ ማጋል ሳትጀምር፣ በረንዳው ጫፍ ላይ በሽርጥ ቆሞ፣ መፋቂያውን አንድ ጉንጩ ውስጥ ወሽቆ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ «አዎ ረዲ፣ ከዙሁር በኋላ መኪናህን ይዘህ ና። መቁረጫ ጋዝህን እንዳትረሳ፣ እዚሁ ቆራርጠህ ትጭነዋለህ። ኧረ ማን ይከለክልሃል! ያሉት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱ ስለ ብረት ምን ያውቃሉ» አለና እንትፍ ብሎ ተፋ። እህቱ ሳሊሀ ከግድግዳው ማዶ፣ የጓዳው በር ላይ ቁጢጥ ብላ የእናቷን ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ረዲን ታውቀዋለች፤ ዋጃ መንገድ ዳር የተቃጠለ መኪናና የዛገ ብረት እየገዛ፣ በጋዝ እየበጣጠሰ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እሱ እጅ የገባ ነገር በማግስቱ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ልብሱን ሳትጨምቀው ሳፋው ላይ ጥላ ተነሳች።

ሳሎኑ ውስጥ እናታቸው ዘሀራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትቀዳለች። ክፍሉ አባታቸው ኑሀ ባለፈው ጥቅምት ሲሞት እንደነበረ ነው፤ ቆቡ ምስማሩ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ሶፋው ከነፕላስቲኩ። እንድሪስ ገብቶ ቁጭ አለና ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከረ። የሽንኩርት ዋጋ መውደቁን አወራ፤ ሮቢት ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገዱ መዘጋቱን አወራ፤ ሙቀቱ ዘንድሮ መባሱን አወራ። ስለ ትራክተሩ ግን ትንፍሽ አላለም። እናቱም አልጠየቀችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህች ሴት ነገር መጠየቅ ትታለች፤ ልጇ ያመጣውን ትቀበላለች፣ ያለውን ትሰማለች፣ ሌላውን ሰዓት ዕቃ ስትወለውልና ስትሸፍን ትውላለች። ሳሊሀ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ከእጇ ላይ አረፋው እየተንጠባጠበ፣ ወንድሟ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስኪውጥ ጠበቀችው።

«ትራክተሩን ሸጥከው አሉ» አለችው።

«ማን አለ?»

«አንተው ነሃ! ጎረቤት እስኪሰማ እየጮህክ!»

እንድሪስ አላፈረም። «ታዲያ ምን ላድርገው? ሙላው መጥቶ አይቶት ፓምፑ ሞቷል አላለም? ግንቦትን ሙሉ ለፋንበት አይደል? አሁን የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ግቢውን ይዞ ተጎልቷል። ብረት ነው፣ እንደ ብረት ይሸጣል፣ በቃ።»

«የሶስታችን ነው።»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ሳቀ። «እሺ አስነሺው! እማ ትስማ፤ ረዲ ሳይመጣ ካስነሳሽው፣ ወላሂ ዳግም እጄን አላሳርፍበትም። ያንቺ ይሁን።» አይ እንድሪስ! ሴት ልጅ ሞተር የምታስነሳ ስላልመሰለው፣ የአላህን ስም ከዳቦ ፍርፋሪው ጋር በተነው። እናቱ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ወደ ሻይዋ።

ለእንድሪስ ብረት ነው። ለሳሊሀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባሏን ፈትታ ከጎብዬ ከተመለሰች ወዲህ በዚህ ቤት እንደ እንግዳ ነው የምትኖረው። አባቷ ሲሞት መሬቱ ለሶስት ተካፈለና ድርሻዋ ደረሳት፤ ደረሳት ይባላል እንጂ፣ ወንድሟ ወዲያው የበልጉን በእኩል ለሌላ ሰው ሰጠባት። ግማሹ ምርት ለአራሹ፣ ግማሹ ለእሷ። ምክንያቱም በዚህ አገር ሴት ሞፈር አትይዝም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፣ በሬ ጠምዳ ብትገባ ግን ያገር መሳቂያ ትሆናለች፤ እናም መሬት ያላት ሴት ሁሉ በሬ ያለው ወንድ ፈልጋ ግማሹን ታስረክባለች። ትራክተር ግን! ያ ደንብ ሲወጣ ትራክተር አልነበረማ! መሪ የያዘች ሴትን የሚከለክል ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም። ኑሀ ደግሞ ልጁን ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ አስቀምጦ ሲያርስ ኖሮ፣ ስታድግ መሪውን ለቆላት ነበር። አሁን ሐምሌ ነው። ከወዲያ ከደጋው የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ወርዶ፣ በቦይ ተጠልፎ ማሳቸውን ሲያጠጣ አድሯል። መሬቱ ጤፍ ሊዘራበት ለስልሷል፤ ይቺ የቆላ ፀሐይ መልሳ ሳታደርቀው መታረስ አለበት። ትራክተሩ ዛሬ ከተቆረጠ ሳሊሀ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው እጅ ስታይ ትኖራለች። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ የአባቷን አሮጌ ሱሪ ከስር አጥልቃ ወጣች።

ትራክተሩ ከኒም ዛፉ ስር ቆሟል፤ ቀይ ነበር፣ አሁን ቀለሙ የበሰለ ሸክላ መስሏል፤ ማረሻው እንደተገጠመ ከኋላው ተንጠልጥሏል። መቀመጫው ላይ ያደረችውን ዶሮ አባረረች። እናቷ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ የደፋችውን የወተት ቆርቆሮ አነሳች። ባትሪው ውስጡ ደርቆ ጨው አውጥቷል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባትሪ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሀጂ አብዱሰመድ ዘንድ ሮጠች። ሀጂ ዱቄት በዱቄት ሆነው በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስለ እናቷ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ጎርፉ ጠየቁ፣ አላህ ጥጋብ ያድርገው አሉ፣ ከዚያ የጄኔሬተራቸውን ባትሪ እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ዱቄቱን ከዓይናቸው ጠርገው አዩዋት። «አንቺ ራስሽ ልታስነሺው?» አሉ። «እኔው ራሴ።» «የኑሀ ልጅ!» አሉና ባትሪውን በጋሪ አስጭነው ሰጧት። «መብራት ከጠፋ ግን አንቺን ነው ወፍጮው ላይ የምገጥመው» ብለው ሳቁ።

ባትሪውን ገጥማ፣ የሞተሩን ዘይት አይታ፣ ራዲያተሩን ውሃ ሞላች። የናፍጣውን ታንከር ክዳን ከፍታ እንጨት ነክራ ለካች። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። አባቷ ናፍጣ በጀሪካን እየተደበቀ በሚሸጥበት ጊዜ ስንት ሰው ለምኖ ነው የሞላው፤ ሳያርስበት ሞተ። ክዳኑን መልሳ ጥብቅ አድርጋ ዘጋችና ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን አዞረች። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፣ ሞተሩ ግን አልያዘም፤ ከማርሚታው ዝንብ የምታክል ጭስ እንኳ አልወጣችም። ኑሀ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ታስታውሳለች። ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሞተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ አየር ገብቶበታል። ስለዚህ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ የፊልትሮውን፣ ብሎን አላልታ በእጅ መግፊያዋ እየገፋች አየሩን ታስወጣ ጀመር። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ፣ ከዚያ ንጹህ ናፍጣ። ከዚያ ፓምፑ ላይ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ራስ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች። የብሎን መፍቻው እያዳለጣት ጣቷን ቦጨቀው፤ ደሙን በሱሪዋ ጠርጋ ቀጠለች። እንደገና ቁልፉን ስታዞር ማርሚታው ነጭ ጭስ ተፋ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ ብሎ ተነሳ!

ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉ። እንድሪስ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ከቤት ወጣ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እናቷም በረንዳው ላይ ብቅ አለች። ሳሊሀ መሪው ላይ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ማርሽ አስገብታ በእግሯ የረገጠችውን ፍሪሲዮን ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ትራክተሩም ከኒሙ ጥላ ወጣ። የግቢው መሃል ሲደርስ ድምፁ ሳሳ። ተንገዳገደ። ጥፍት አለ። እንድሪስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ተነሳ እኮ! ተነስቶ ሞተ እኮ! እንዲህ ያለማ በግንቦትም አይተናል። ከግቢው በር በራሱ እግር ካልወጣ ተነሳ አይባልም፣ የኔ እህት» አላት። ሳሊሀ ስልኳን አውጥታ ሙላው ጋ ደወለች።

ሙላው የቆቦ መካኒክ ነው፤ በዚህ ትራክተር ላይ ፍርዱን ያሳለፈውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሞቷል ያለውን ሞተር እንደገና እይልኝ ሲባል ቅር አለው፣ ሆኖም የኑሀን ቤት እምቢ ማለት ስላልሆነለት መጣ። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፤ ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበር። አይደለም። ክዳኑን ዘጋ። ሞተሩን ያጠፋው አየር መስሎት አየሩን ከስር ከመሰረቱ እንደገና አስወጣ። ተነሳ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጆሮ ሰጡት። ድምፁ ሳሳ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ። ሙላው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሳሊሀ፣ እኔም ቢነሳ ደስ ባለኝ ነበር፤ ከአባትሽ ጋር ስንት ዓመት ነው የለፋነው። ግን ፓምፑ ነው። ደክሟል። አዲሱ ደግሞ በእመቤቴ አዲስ አበባም ተፈልጎ አይገኝም» አላት። እናቷ ለሙላው ሻይ አምጥታ ሰጠችው፤ ማንንም ሳታይ ተመልሳ ገባች። ወዲያው የቀትሩ ሰላት፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። እንድሪስ ለሰላት ውዱእ ለማድረግ የመታጠቢያ ጀበናውን ይዞ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ «ረዲ ጉዞ ጀምሯል፤ ደውሎልኛል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሳሊሀ ጎማው ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች። ማልቀስ አማራት። አልቅሳ ቢሆን ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ጀርባዋ በላብ ተጣብቋል፣ ጣቷ ይመታል፣ ወንድሟ ስቆባታል፣ እናቷ በአንዲት ቃል እንኳ አልረዳቻትም። ግን ከልቅሶው ይልቅ ንዴቱ በለጠ። እንዴት ነው ነገሩ? የደከመ ፓምፕ ይደክማል እንጂ እንዲህ እያረፈ ይነሳል? ሲነሳ እኮ እንደ ጎረምሳ ነው የሚነሳው! ደህና ሆኖ ይቆይና ጉሮሮውን የያዙት ይመስል ነው የሚሞተው። ተነሳች። «ተይው፣ እጅሽን ትጎጃለሽ» አላት ሙላው ሻዩን እየጠጣ። ካቻቢቴና መፍቻዋን ይዛ ፊልትሮው ስር ገባችና ብሎኑን አላላችው። በዚህ ጊዜ ታንከሩን አልከፈተችም፤ ሙሉ መሆኑን ታውቃለችና። ናፍጣው አንዴ ጭርር አለና ቆመ። በእጅ መግፊያዋ ገፋች። ምንም። አረፋ እንኳ የለም። ሙሉ ታንከር ከላዩ ተቀምጦ፣ ከታች ብሎኑ ላልቶ እንዴት አይወርድም? ቧንቧው ተዘግቶ ይሆን ብላ አሰበች፤ ግን ቅድም ወርዷል። እሷ ስታደርገውም ወርዷል፣ ሙላው ሲያደርገውም ወርዷል። ቅድም ያደረገችውን አንድ በአንድ በሐሳቧ ቆጠረች። ባትሪ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ እንጨት። ታንከሩን ከፍታ ነበር! ሙላውም ሊያሸት ከፍቶ ነበር!

ብሎኑን እንደላላ ትታ ወደ ላይ ወጣችና ክዳኑን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው። አልንቀሳቀስ አላት፤ ከውስጥ የያዘው ያለ ይመስል። ቀሚሷን ጠቅልላ ይዛ እንደገና ጠመዘዘችው። ሹ—ሽ—ሽ አለ። ረጅም ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ። ከታች ደግሞ ማንም ሳይገፋው ናፍጣው ከላላው ብሎን ጅው ብሎ ፈሰሰ።

ሙላው ብርጭቆውን ጥሎ ተነሳ። «በስመአብ! ቆይ፣ ቆይ፣ አየር እኮ አጥቶ ነው! ታንከሩ አየር አይስብም!» ክዳኑን ከእጇ ነጥቆ ገለበጠው። ክዳኑ መሃል ላይ አየር የምታስገባ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ናፍጣው በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር የሚገባው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ በቢጫ ሰም ተደፍናለች። ሰሙ በአውራ ጣት ተጠቅጥቆ፣ ተዳምጦ፣ ተለሳልሶ፣ የጣቱ መስመር ሳይቀር ታትሞበታል። «ማን ነው እንዲህ ያለ ግፍ የሰራው?» አለ ሙላው። «በግንቦት እኔም ስንቴ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ፣ አላየሁትም! ጠላት ነው ያደረገው፣ ምቀኛ ነው!»

ሳሊሀ ግን ገና እንዳየችው አውቃዋለች። በዚህ ቤት ሰም የሚያቀልጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቅቤው ቅል ሲሰነጠቅ፣ እንስራው ሲያንጠባጥብ፣ የማር ጋኑ ክዳን ሲላላ እናቷ ሰም አሙቃ በአውራ ጣቷ ነው የምትደፍነው። ዞር ስትል እናቷ ሰላቷን ጨርሳ፣ ሻሿን ገና እያስተካከለች በረንዳው ላይ ቆማለች። ሳሊሀ ልትሸፍንላት አሰበች። «አቧራ ነው፣ አያ ሙላው» ልትል አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለች ዘሀራ። ድምፏ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተሰማ። «ከቀብር የተመለስን ዕለት ነው። ናፍጣውን ምን ያህል ደክሞበት እንዳመጣው አውቃለሁ። ስወለውለው ቀዳዳ አየሁ። ይተንበታል፣ አቧራ ይገባበታል ብዬ... ጥፋት ነው እንዴ?»

ሙላው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳሊሀ ትስቅ ታለቅስ ለራሷም አልታወቃት። እናቷ ግን አልሳቀችም። የጠበቀችው መስሏት ልታስቆርጠው የነበረውን ነገር ቆማ አየችው፤ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ወረደችና፣ ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ፣ ክዳኑን ከሙላው እጅ ተቀብላ፣ ሰሙን ቀስ እያለች ፈለቀቀችው። አፏን አስጠግታ እፍ አለችበት። በቀዳዳዋ ሰማዩን አይታ ለልጇ ሰጠቻት። «በይ ልጄ፣ አብሽሪ» አለቻት።

ረዲ የደረሰው ትራክተሩ በተነሳ ጊዜ ነው። የጭነት መኪናውን በር ላይ ገትሮ፣ መቁረጫ ጋዙን የተሸከሙ ሰዎቹን አስከትሎ ሲገባ፣ ትራክተሩ ግቢው መሃል ዱግ ዱግ እያለ ቆሟል፤ ሳሊሀ መሪው ላይ ናት። መጥፋት የለመደው ሰዓት መጣ፣ አለፈ። ድምፁ አልሳሳም። እንድሪስ ከመስጊድ ተመልሶ በረዲና በትራክተሩ መሃል ቆመ። «ዛሬ ተነሳ፣ ነገ ይሞታል» አለ እየጮኸ። «እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ! የጠዋቱ ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ!»

«ለሰው የሰጠኸው ቃል ነው፣ ለእኛ የሰጠኸው ጨዋታ ነው?» አለች እናቱ። ዘሀራ በረንዳው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ነበረች። «ወላሂ ስትል ሰምቼሃለሁ፣ እንድሪስ። እማ ትስማ አልክ፣ ሰማሁ። አባትህ ቢኖር ይሄን ያልኩህን ይልህ ነበር፤ የለም፣ እኔ እልሃለሁ። ከመንገዷ ውጣ።»

እንድሪስ እናቱን ካየ ብዙ ጊዜ የሆነው መሰለ። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ረዲ በበኩሉ ሞተሩን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ እኔ ሬሳ ነው የተሸጠልኝ። የቆመ ነገር አልቆርጥም፣ አላህም አይወደውም» አለና ሾፌሩን መኪናውን አንሳ አለው። ሳሊሀ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። በወንድሟ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም፤ የምታየው በሩን ነበር፣ ማረሻው እንዳይነካው።

በአስፋልቱ ላይ ባጃጆች እየጮሁባት፣ ልጆች እየተከተሏት ወደ ዋጃ አቅጣጫ ነዳች። ማሳው ገና እርጥብ ነበር፤ ጎርፉ ጥሎት የሄደው ደለል ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫል። ማረሻውን ስታወርደው መሬቱ ተከፈተላት። የመጀመሪያው ትልም ጠመመ። ሁለተኛውም ጠመመ። ከማዶ በሬ የጠመዱ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቆመው አዩዋት፤ አንደኛው አንድ ነገር ብሎ ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም። ሦስተኛው ትንሽ ቀና። ከዚያ ማን እንዳያት ማየቱን ረሳችው። ሞተሩን ለአንዲት ደቂቃ አላጠፋችውም፤ ውሃ እንኳ የጠጣችው እየነዳች ነው። ትከሻዋ ዝሏል፣ ጆሮዋ ደንቁሯል፣ ደስ ብሏታል። ደስታዋን ለማንም መደበቅ አላስፈለጋትም፤ ዓይኗ እስኪጠፋ እየሳቀች አረሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። እንድሪስ ወረደ፤ ጀሪካን ይዟል። ጫማውን አውልቆ በጭቃው መሃል እየሰመጠ መጣ። ከየት እንዳገኘው እሱ ነው የሚያውቅ፣ ናፍጣ ነው። ሳሊሀ ትራክተሩን አጠገቡ አቆመችው፣ ሞተሩን ግን እንደተነሳ ተወችው። እሱ የታረሰውን አየ፤ ጠማማውን ትልም፣ ከዚያ እየቀና የመጣውን። ማሳው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። ከዚያ ማዶ ያለውን የራሱን ድርሻ አየ። ጫፍ ጫፉ መንጣት ጀምሯል፣ ፀሐዩ እየበላው ነው።

«የኔን መቼ ነው የምታርሺልኝ?» አላት። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ለመሰማት መጮህ ነበረበት።

«ተራህን ጠብቅ!» አለችው። «ከኔ ቀጥሎ የእማ ነው!»

እንድሪስ ጀሪካኑን ድንበሩ ላይ አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሳሊሀም ማርሽ አስገብታ ሄደች።